በብስክሌት ከአዲስ አበባ እስከ ቡታጅራ፦ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያም፣ ጢያ

ከአዲስ አበባ በብስክሌት ወጥቶ ጥቂት ቀናት በገጠር መጓዝ የሚፈልግ ሰው የትኛውን መንገድ ልያዝ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ሳላመነታ የቡታጅራን መንገድ እመክረዋለሁ። በእንጦጦ በኩል ወጥቶ ወደ ደብረ ሊባኖስ መሄድም ጥሩ ነው፤ ውበቱን አልክድም፤ ግን ገና ከቤት ሳይርቁ ጉልበት ይጨርሳል። በቢሾፍቱ በኩል ሐይቆቹን ማየት ይቻላል፤ የመኪናው ብዛት ግን ለብስክሌተኛ ፋታ አይሰጥም። የቡታጅራ መንገድ ወደ 130 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርቀት ውስጥ ሁለት የዓለም ቅርሶች፣ ከአለት የተፈለፈለ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ገና ትንሽ የሆነውን አዋሽን፣ ከዚያም የእንሰትና የበርበሬ አገርን ያገናኛል። ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ላይ የያዘ ሌላ መንገድ ከዋና ከተማው አጠገብ አላውቅም።

አባቴ የሶዶ ጉራጌ ሰው ስለሆነ መንገዱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የማውቀው ግን በአውቶቡስ መስኮት ነበር። ለመስቀል ወደ አገር ስንሄድ ጢያ ላይ አባታችን በጣቱ ወደ ግራ እያመለከተ "ያውላችሁ ድንጋዮቹ" ይለናል፤ አንገታችንን አዙረን ሳንጨርስ አውቶቡሱ ያልፋል። አዋሽ ድልድይ ላይ ደግሞ የሚታየው ወንዙ ብቻ ነው፤ ከወንዙ ዳር ያለው ነገር ለማንም አይነገርም። በብስክሌት መሄድ ከጀመርኩ በኋላ ነው ይህ አገር የተያያዘ መሆኑ የገባኝ። ከመልካ ቁንጡሬ የወጣው ጥቁር ድንጋይ፣ የአዳዲ አለት፣ የጢያ ትክል ድንጋዮች፣ ሁሉም በድንጋይ የሠራ ሕዝብ አሻራ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በእግርህ ጉልበት ስትለካው ጎረቤትነታቸው ይታወቅሃል። በመኪና ለግማሽ ቀን ሄዶ ጢያን ብቻ ዓይቶ መመለስ ቅርሱን መበደል ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስለ መንገዱ በቅደም ተከተል ልናገር። አስቸጋሪው ክፍል መጀመሪያው ነው። ከከተማው የሚያስወጣው በአየር ጤና፣ በካራቆሬና በወለቴ አድርጎ አለም ገና ድረስ ያለው መንገድ ነው። ይህን ክፍል ጎሕ ሲቀድ ካላለፋችሁት የሚኒባስና የገልባጭ መኪና ግፊያ ውስጥ ትገባላችሁ። ለብስክሌት የተለየ መስመር የለም፤ የመንገዱ ዳር አንዳንድ ቦታ የተሸረፈ ነው፤ አሸዋ የጫኑ መኪኖች ደግሞ ሲቀድሙ ክርናችሁን ሊነኩ እስኪደርሱ ይጠጋሉ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሁልጊዜ ከቤት የምንወጣው ገና ሳይነጋ ነው፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አለም ገናን ካለፍን ቀኑ የተሳካ ነው ማለት ነው። ይህን ክፍል ለሚፈራ ሰው የማቀርበው ምክር ቀላል ነው፤ ብስክሌቱን በጭነት መኪና ወይም በሚኒባስ ጣሪያ አስጭኖ እስከ አለም ገና መድረስና ከዚያ መጀመር። ከጉዞው የሚጎድል ነገር የለም።

አለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀጥታው በሰበታ አድርጎ ወደ ጅማ ይሄዳል፤ የእኛው ወደ ደቡብ ይታጠፋል። ከዚህ በኋላ የመኪናው ብዛት ይቀንሳል፤ ሜዳው ይሰፋል፤ የጤፍ ማሳው በሁለቱም ወገን ይዘረጋል። በኅዳር ወር ከሄዳችሁ ጤፉ ወርቃማ ሆኖ አጨዳ ላይ ትደርሳላችሁ፤ በመስከረም ደግሞ ዳር ዳሩ በአደይ አበባ ይሸፈናል። ሰማዩ ሲጠራ በስተምሥራቅ የዝቋላ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ታናሽ ወንድሜ ፈጣን ነው፤ ቀድሞኝ ይሄድና ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። እኔ ግን ይህን ክፍል በቀስታ መንዳት እወዳለሁ፤ ቁልቁለቱ ለስላሳ ስለሆነ ፔዳሉን ብዙ መምታት ሳያስፈልግ ብስክሌቱ ራሱ ይወስዳል።

ስለ ብስክሌቱ ዓይነት ለሚጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው። ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት ለአስፋልቱ ይሆናል፤ ለአዳዲ ጠጠር መንገድ ግን አይሆንም። ሰፋ ያለ ጎማና በቂ ማርሽ ያለው፣ ኋላው ላይ ዕቃ መጫኛ የተገጠመለት ተራ ብስክሌት ይበቃል። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽና ልጣፍ፣ መንፊያ፣ የሰንሰለት ዘይት ያዙ። በየከተማው ጎሚስታ አለ፤ በእኔ ልምድ ለብስክሌት ጎማ ነፋስ ሲሞሉ ገንዘብ የተቀበሉኝ ጥቂቶች ናቸው። የብስክሌት መለዋወጫ ግን ከአለም ገና በኋላ እስከ ቡታጅራ ድረስ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ፍሬናችሁን ከመነሳታችሁ በፊት በደንብ አስፈትሹ፤ ምክንያቱም ወደ አዋሽ የሚወርደው ቁልቁለት ፍሬን ይፈልጋል።

መልካ ቁንጡሬ። እዚህ ላይ ነው ብዙ የምለው።

ቦታው ከአዲስ አበባ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ አዋሽ መልካ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ በወንዙ ግራና ቀኝ የሚገኝ ነው። ዠራር ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1963 ካገኘው በኋላ ዣን ሻቫዮን የሚመራው የፈረንሳይ ቡድን ለረጅም ዓመታት ቆፍሮበታል፤ ከ1999 ወዲህ ደግሞ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ቀጥለውበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአቅራቢያው ካለችው ከባልጩት መንደር ጋር በአንድነት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህ ምዝገባ ዜና ሆኖ ካለፈ በኋላ ስንት ሰው ቦታውን ሊያይ መጣ ብዬ ሳስብ ያንገበግበኛል። በሄድኩበት ጊዜ ሁሉ ያገኘኋቸው ጎብኚዎች ጥቂት ናቸው፤ በአብዛኛውም የውጭ አገር ሰዎች።

ሙዚየሙ እንደ ገጠር ጎጆ ክብ ሆነው በተሠሩ ቤቶች ውስጥ የተዘጋጀ ነው። ውስጡ የድንጋይ መሣሪያዎች፣ የእንስሳት አጥንቶች፣ የራስ ቅል ቅጂዎች አሉ። ችኮላ ያለው ሰው በሃያ ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ እኔ ግን በእጅ መጥረቢያዎቹ ፊት ብዙ መቆም እወዳለሁ። በሁለቱም ገጽ ተጠርቦ፣ ጫፉ ሾጥጦ፣ መያዣው ለመዳፍ እንዲመች የተደረገ ድንጋይ ነው። የሠራው ሰው በቀኝ እጁ እንዴት አድርጎ እንደያዘው ዓይኔ ላይ ይመጣል። ከቤቶቹ ወጥቶ ትንሽ በእግር ሲሄዱ ደግሞ ቁፋሮው የተካሄደበት ቦታ በመጠለያ ሥር ይታያል። ድንጋዮቹና አጥንቶቹ በተገኙበት ሁኔታ መሬት ላይ ተበትነው ይገኛሉ፤ ይህ ከየትኛውም የመስታወት ሣጥን ይበልጣል።

በእኔ ልብ ውስጥ የቀረው ግን የእግር አሻራ ነገር ነው። ጎምቦሬ በተባለው የቁፋሮ ቦታ ወደ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው መሬት ላይ የሰው እግር አሻራዎች ተገኝተዋል፤ ከእነርሱም መካከል የትንንሽ ልጆች አሻራ አለ። እዚያው አካባቢ የድንጋይ መሣሪያና የጉማሬ አጥንት ተገኝቷል፤ ሥጋው የተቆራረጠበት ምልክት አጥንቱ ላይ አለ። ማለትም ትልልቆቹ ሲያርዱና ሲበልቱ ሕፃናቱ እዚያው አጠገባቸው ይሯሯጡ ነበር። ጋርባ በሚባለው ሌላው የቁፋሮ ቦታ ደግሞ የሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ የተሰጠው የሕፃን መንጋጋ ተገኝቷል። አስጎብኚው ይህን ሲነግረን ከበስተኋላችን የአካባቢው ልጆች ከወንዙ ውኃ ቀድተው ከጄሪካን ጋር እየታገሉ ይወጡ ነበር። እኔ የሁለቱን ነገር ለይቼ ማሰብ አልቻልኩም።

ጊዜ ካላችሁ ባልጩትን እንዳታልፉ። ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለች የገጠር መንደር ናት፤ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መሬቱ በጥቁር አብረቅራቂ ድንጋይ ስብርባሪ የተሞላ ነው። እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ ሲሰበር ጠርዙ ስለት የሚሆን ድንጋይ ነው፤ የጥንት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት በፊት ጀምሮ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አብሮን የሄደው ወጣት "እህቴ፣ ብስክሌቱን ተሸከሙት እንጂ አትግፉት" ብሎን ነበርና ተሸክመን ገባን። ስንመለስ ግን የወንድሜ የኋላ ጎማ ቀስ እያለ ሲተነፍስ አገኘነው። ጎማውን አውልቀን በጣታችን ስንዳስስ የጥፍር ታህል ጥቁር ስንጣሪ ላስቲኩን በስታ ተሰክታለች። ወንድሜ በጉጠት አወጣት፤ በፀሐይ ስናያት ጠርዟ ብርሃን ታሳልፋለች፤ አመልካች ጣቱን ገና በቀስታ ሲያስነካት ቀጭን የደም መስመር ታየ። ወጣቱ ተቀብሎን በዚህ ድንጋይ ቆዳ ይፍቁ የነበሩ ሽማግሌዎች እንደነበሩ አጫወተን፤ ከዚያም ስንጣሪዋን ወስዶ ከተነሳችበት አካባቢ መልሶ ጣላት። ትክክል አደረገ። ከዚህ ቦታ ምንም ነገር ማንሳት አይገባም፤ ትንሿ ስባሪ እንኳ የቅርሱ አካል ናት፤ ለማስታወሻ ብላችሁ ኪሳችሁ እንዳትከቱ።

ከመልካ ቁንጡሬ በኋላ ብዙ ብስክሌተኞች ቀጥታ ወደ ጢያ ይሄዳሉ። እኔ ወደ ምዕራብ ታጥፋችሁ አዳዲ ማርያምን እንድታዩ አጥብቄ እመክራለሁ። መንገዱ ከአስፋልቱ ተነስቶ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ጠጠር ነው፤ ደርሶ መልስ ሲሆን እጥፍ ነው፤ ጎማ ካልተነፈሰና ዝናብ ካልጣለ ከባድ አይደለም። በክረምት ግን ጭቃው ብስክሌቱን ያቆመዋል፤ አትሞክሩት። በዚህ መንገድ ላይ መኪና ብርቅ ስለሆነ ጸጥታው ከአስፋልቱ በኋላ እረፍት ነው፤ የምትሰሙት የጎማውን ድምፅ፣ የእረኛ ፉጨትና የወፍ ድምፅ ብቻ ነው። ሰላምታ አትርሱ። "እንዴት ዋላችሁ" ያለ ብስክሌተኛ የትም ቦታ አያፍርም፤ ዝም ብሎ የሚያልፍ ደግሞ ልጆቹን ያስቆጣል። ልጆቹ ሲሯሯጡ ብስክሌቱን ይዘው ይጎትታሉ፤ እኔ ቆም ብዬ ስማቸውን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መንደሩ ጫፍ የሚሸኙኝ ጠባቂዎች ይሆናሉ።

አዳዲ ማርያም እስክትጠጉት ድረስ አይታይም። ዛፎች መካከል ደርሳችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ ነው ከአለቱ ውስጥ ተፈልፍሎ፣ ዙሪያው በቦይ ተለይቶ የቆመው ቤተ ክርስቲያን የሚገለጠው። በአካባቢው ትውፊት ንጉሥ ላሊበላ ወደ ዝቋላ ሲጓዝ ያሠራው ነው ይባላል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያስተውላል፤ እዚህ ግድግዳው ሸካራ ነው፤ የመሮው ምት አልተለሰለሰም፤ መስኮቶቹ እኩል አይደሉም። ለእኔ ግን ይህ ሸካራነቱ ነው የሚያምረው። እጅን ግድግዳው ላይ አሳርፎ የጠራቢውን እያንዳንዱን ምት መከተል ይቻላል።

ለሴቶች የምጨምረው ነገር አለ። ሱሪ ለብሳችሁ ከብስክሌት ወርዳችሁ ወደ ግቢው መግባት አይሆንም። እኔ ዕቃ መያዣዬ ውስጥ ሁልጊዜ ረጅም ቀሚስና ነጠላ አለ፤ ከመድረሴ በፊት ዛፍ ሥር እለብሳለሁ። ጫማ ይወልቃል፤ ስለዚህ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ይመረጣል። ያስገቡኝ አባት ብስክሌቴን አይተው "ልጄ፣ ከአዲስ አበባ በዚህ ነው የመጣሽው?" አሉኝ። "አዎ አባቴ" ስላቸው መስቀላቸውን አሳልመውኝ "እንኳን ደህና መጣሽ፤ ውኃ ጠጪ" ብለው ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። የመግቢያ ክፍያ አለ፤ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። በየወሩ በ21 የማርያም ዕለት ስለሆነ ሕዝብ ይበዛል። ቅዳሴ ለማስቀደስ የሚፈልግ ያን ቀን ይሂድ፤ ፍልፍሉን ረጋ ብሎ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ሌላ ቀን ይምረጥ።

ከአዳዲ ተመልሶ አስፋልቱን ሲይዙ ከአዋሽ ሸለቆ የሚያወጣው ዳገት ይጠብቃል። ረጅም አይደለም፤ ግን ከጠጠሩ በኋላ የደከመ ጉልበት ላይ ስለሚመጣ ይከብዳል። ለመን ላይ ቡና የምታፈላ ሴት አትጠፋም፤ እዚያ ቁጭ ብሎ ቡና ከዳቦ ጋር መውሰድ ቀሪውን መንገድ ያቀልለዋል። ከለመን እስከ ጢያ ያለው ክፍል ቀለል ያለ ነው፤ ብዙም የምለው የለኝም። ጠንካራ ብስክሌተኛ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳዲን ጨምሮ በአንድ ቀን ጢያ መድረስ ይችላል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። እኔ ግን ሦስት ቀን ስጡት እላለሁ፤ የመጀመሪያውን ምሽት አዋሽ መልካ ወይም ጢያ፣ ሁለተኛውን ቡታጅራ። በትንንሾቹ ከተሞች ያለው ማረፊያ ቀላል ነው፤ ንጹሕ አንሶላ፣ ባልዲ ውኃና የሚቆለፍ በር ካገኛችሁ በቂ ነው። አንሶላና የወባ አጎበር የሚይዙ አሉ፤ እኔ አንሶላ ብቻ እይዛለሁ።

ጢያ የሚታወቀውን ያህል መወደስ የሚገባው ቦታ ነው። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በተከለለ መስክ ላይ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ከነዚህ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከአክሱም ጋር በአንድ ዓመት ማለት ነው። ሥራቸው በአብዛኛው ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ይገመታል። የአካባቢው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል፤ አሕመድ ግራኝ ግን የኖረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ ድንጋዮቹ ይቀድሙታል። በሥራቸው መቃብር አለ፤ ቁፋሮ ያደረጉት ባለሙያዎች ያገኟቸው አጽሞች በአብዛኛው የወጣቶች ናቸው፤ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው የተቀበሩ።

ጢያን ለማየት ጥሩው ሰዓት ማለዳ ነው፤ እዚያ ማደርን የምመክረውም ለዚህ ነው። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ከጎን ስትመታቸው ቅርጾቹ ጥላ ይይዛሉ፤ የተቀረጹት ጎራዴዎች ከድንጋዩ ወጥተው የቆሙ ይመስላሉ። እኩለ ቀን ላይ የመጣ ሰው ግን ገጹ ጠፍጣፋ ሆኖበት፣ አስጎብኚው በጣቱ ካላሳየው በቀር ምንም ሳያይ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣው ሰው የሚደርሰው በዚሁ በከፋ ሰዓት ነው። አስጎብኚያችን ጎራዴዎቹን እንደ ጀግና ግዳይ ቁጥር ተረጎመልን፤ ክቦቹን ለሴት፣ ከታች ያለውን ቅጠል መሰል ምልክት ለእንሰት ሰጠው። ተመራማሪዎች በትርጉሙ ላይ ገና አልተስማሙም። እኔ ጎራዴዎቹን ሳያቸው አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ አብዛኞቹ ጫፋቸው ወደ ሰማይ ነው። ወንድሜ ደግሞ ከአንዱ ድንጋይ ጀርባ ሄዶ ያልተቀረጸውን ገጽ ሲመለከት ቆየ፤ ድንጋዩን ከየት አምጥተው፣ በስንት ሰው ጎትተው እንዳቆሙት ነው የገረመው።

ይህ መስክ ብቻውን እንዳልሆነ ማወቅም ያስፈልጋል። በሶዶ ምድር 160 ያህል የትክል ድንጋይና ሌሎች ጥንታዊ ቦታዎች ተለይተዋል። ከጢያ ወደ ቡኢ ስትነዱ በማሳ መካከል ብቻውን የቆመ፣ ወይም በአጥር ጥግ የተጋደመ ረጅም ድንጋይ ካያችሁ ብስክሌቱን አቁማችሁ ገበሬውን ጠይቁት። አንድ ጊዜ እንዲህ ጠይቀን "እሱማ ከአያቶቻችንም በፊት የነበረ ነው፤ በሬ እንኳ አይነካውም" ያሉን አዛውንት ቤታቸው አስገብተው ቆጮ በአይብ አቀረቡልን። በመኪና የሚሄድ ሰው ይህን አያገኝም።

ከቡኢ በኋላ በስተምዕራብ የጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት ይከተላችኋል፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁ ዘቢዳር ነው። እንሰቱ በየግቢው ይበዛል፤ የክስታኔ (የሶዶ ጉራጌ) ቤቶች ክብ ሆነው ግቢያቸው በሣር ሜዳ ይጀምራል። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 የአቦ በዓል ስለሚከበር ወደ ምድረ ከብድና ወደ ዝቋላ ገዳማት የሚሄደው ምዕመን መንገዱን ይሞላዋል፤ በዓሉን ለማየት ካልፈለጋችሁ በስተቀር እነዚያን ቀናት ተዉ። ይበልጥ መተው ያለባቸው ግን የመስቀል ሰሞን ቀናት ናቸው። ያኔ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ የሚጎርፈው አውቶቡስ፣ ሚኒባስና የግል መኪና ማለቂያ የለውም፤ ሁሉም ቸኩሏል፤ ብስክሌት ይዞ መውጣት አደጋ ነው። በዓሉን የሚወድ ሰው ቀድሞ ይድረስ፤ ከበዓሉ በኋላ ተረጋግቶ ይመለስ።

ቡታጅራ ከተማ ናት፤ ባንክ፣ ሆቴል፣ ፋርማሲ፣ ሁሉም አለ። ክትፎዋን ሳላነሳ አላልፍም። ከሁለት ቀን መንዳት በኋላ ለብ ለብ ያለ ክትፎ በአይብና በጎመን፣ ቆጮው ትኩስ ሆኖ ሲቀርብ፣ ቅቤውና ሚጥሚጣው የሚሰጠውን ጉልበት የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ባደርንበት አንድ ሆቴል ግን ቅር ያለኝ ነገር አለ። ክፍሉን ከፍለን ከያዝን በኋላ ብስክሌቶቹ ወደ ክፍል አይገቡም ተባልን፤ ጥበቃ በሌለበት ጓሮ ተዉአቸው አሉን። ከብዙ ንግግር በኋላ ከምድር ቤት አንድ ቁልፍ ያለው ዕቃ ቤት ተከፈተልን፤ ያም ለብቻው ተከፍሎበት። ብስክሌት ይዞ የሚመጣ እንግዳ ገንዘቡን የሚያወጣው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው፤ አንድ ጥግ ማዘጋጀት ለሆቴል ባለቤት ከባድ አይደለም። እናንተ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ብስክሌቱ የት እንደሚያድር ጠይቁ።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃችሁን ሆቴል ትታችሁ በቀላል ብስክሌት ወደ ሀረ ሸይጣን ሂዱ። ከቡታጅራ ወደ ደቡብ፣ ወደ ስልጤ በኩል ጥቂት ኪሎ ሜትሮች የሚርቅ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። መሬቱ በድንገት ይከፈትና ከሥሩ አረንጓዴ ውኃ ይታያል። የወረወሩት ድንጋይ ውኃው ጋር አይደርስም የሚል እምነት አለ፤ ልጆቹ "ወርውሩ" እያሉ ድንጋይ ያቀብላሉ። ወንድሜ ክንዱ ጠንካራ ነው፤ ቢወረውርም ስትወድቅ አላየናትም። ገደሉ ጠርዝ ላይ መከላከያ ስለሌለ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ እጁን አትልቀቁ። በበርበሬ ወቅት በዚህ አቅጣጫ የምታገኙት ሽታ ልዩ ነው፤ የማረቆ በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ ቀይ ምንጣፍ ይሆናል፤ ነፋስ ከመጣ ዓይን ያስለቅሳል፤ መነጽር ያስፈልጋል።

ለዚህ መንገድ ከአምስት አራት ተኩል እሰጣለሁ። የተቀነሰው ግማሽ ከከተማ መውጫው ላይ ላለው አደጋ ነው፤ ያ ክፍል የብስክሌት መስመር ቢሠራለት መልካ ቁንጡሬ በየሳምንቱ መጨረሻ ተማሪዎች በብስክሌት የሚሄዱበት ቦታ ይሆን ነበር። ርቀቱ ልክ ነው፤ ዳገቱ የሚቻል ነው፤ ቅርሱ የዓለም ነው።

ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ወደ ቡታጅራ የሚመላለሱ ሹፌሮችን የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ እነርሱ ከማንም የተሻለ ያውቃሉ። በጨለማ አትንዱ፤ የት እንደምታድሩ ለቤተሰብ ንገሩ። ለመመለስ ሲሆን ብስክሌቱን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ማስጫን ይቻላል። ዋጋውን ግን ከረዳቱ ጋር ብስክሌቱ ገና መሬት ላይ ሳለ ተስማሙ፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ የሰው ዋጋ እጥፍ ተጠይቀናል። ፔዳሎቹን ፈትታችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱ፤ ሰንሰለቱ ባለበት በኩል ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት፤ ከሥሩ ጆንያ አንጥፉ። ጠዋት የሚነሳውን አውቶቡስ ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጡት የገበያ ጭነት ስለሚበዛባቸው ለብስክሌት ቦታ አይተርፋቸውም።